ቀጠሮዋን የማትረሳ ወፍ

መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 8ን ግለጡ። ከቁጥር 4 እስከ 7 ያለውን ለራሳችሁ አንብቡት። እኔ አላነብላችሁም፤ ዛሬ እናንተው አንብቡት።

አነበባችሁት? ነቢዩ ምን እያለ ነው? የወደቀ ሰው ይነሣል፣ መንገድ የሳተ ሰው ይመለሳል፤ ይሄ ሕዝብ ግን ለምንድነው መመለስን እንቢ ያለው እያለ ነው። ከዚያ ዐይኑን ወደ ሰማይ ያነሣና ወፎችን ያያል። ሽመላን በስሟ ይጠራታል። ወፎች የሚመጡበትንና የሚመለሱበትን ጊዜ ያውቃሉ፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ ግን አላወቀም። ስድብ አይደለም፤ ልቅሶ ነው። ኤርምያስ እያለቀሰ ነው የሚናገረው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ትንሽ ዕብራይስጥ ተምረን ነበር። አብዛኛው ጠፍቶብኛል፣ አልዋሻችሁም፤ ሁለት ቃል ግን አልጠፋኝም። ሽመላ በዕብራይስጥ «ሐሲዳ» ትባላለች። «ሔሴድ» ከሚለው ቃል ነው የመጣው፤ ቸርነት፣ የማይከዳ ፍቅር ማለት ነው። ሁለተኛው «ሞዔድ» የሚለው ነው። በዚህ ክፍል ስለ ሽመላዋ ጊዜ የተነገረው ቃል እርሱ ነው። ይሄው ቃል በዘሌዋውያን 23 ላይ ለእግዚአብሔር በዓላት ያገለግላል፤ የመገናኛው ድንኳንም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ ዝም ብሎ ሰዓት አይደለም። ቀጠሮ ነው። ወፏ ቀጠሮ አላት።

ይህን ክፍል እኔ ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ግን በዐይኔ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር፣ በቀይ ባሕር ዳር በኤላት ከተማ ነው። ያየሁትንም፣ ካየሁት በኋላ ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ። ያጠፋሁትን መናገር አልፈልግም ነበር። ግን መንፈስ ቅዱስ አላስቀመጠኝም።

ኤላት የእስራኤል የመጨረሻዋ ደቡባዊ ከተማ ናት፤ የቀይ ባሕር አንዱ ጣት ወደ ሰሜን ገብቶ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ። ከወዲያ ማዶ የዮርዳኖስ ዐቃባ ትታያለች፤ በስተቀኝ ግብፅ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን የምታውቁ ዔጽዮንጋብርን ታስታውሳላችሁ፤ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በዚህ አካባቢ ነው፤ 1 ነገሥት 9፥26። ከዚያ በሚቀጥለው ምዕራፍ ንግሥተ ሳባ ትመጣለች፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። ቦታው በረሃ ነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ሠላሳ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ አገር በክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ነው።

እኔ የሄድኩት እዚያ አካባቢ በአማርኛ የሚያመልኩ ወገኖችን ለማገልገል ነበር። ከመካከላቸው አንድ ወንድም አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሆቴል ውስጥ ያጸዳል። ሥራው ሲያልቅ ሌላው ሲተኛ እሱ ባሕር ዳር ይወጣል። አሮጌ አጉሊ መነጽር አለው፤ አንድ እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ ሰጥቶት የሄደ ነው። ደብተርም አለው። ደብተሩ ላይ በእኛው አቆጣጠር «የካቲት 12፣ ንስር፣ ብዙ» ብሎ ይጽፋል። ምነው ወፍ ላይ እንዲህ ተጠመድክ ብዬ ሳቅኩበት። «ፓስተር፣ እኔ ወደ አገሬ መሄድ አልችልም። እነዚህ ግን በየዓመቱ ከአገሬ ይመጣሉ፣ ወደ አገሬ ይሄዳሉ። ከአገር የመጣ ሰው ሲያገኙ አይጠይቁም?» አለኝ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ተራራ ወሰደኝ። ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ወንበር ዘርግተው፣ ቴሌስኮፕ ተክለው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። የወፍ ቆጣሪዎች ናቸው። በዚያ ቦታ በአንድ የጸደይ ወቅት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ አእዋፍ ተቆጥረው ያውቃሉ። ንስሩ በየካቲት ይጀምራል። በመጋቢት የጭልፊት ዘር የሆኑት በሺህና በሺህ ያልፋሉ፤ ሽመላውም በዚያው ሰሞን ነው። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የንብና የተርብ ጎጆ እያፈረሰ እጩን የሚበላ አንድ ወፍ አለ፤ እሱ ሲመጣ ሰማዩ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞላል፣ ከዚያ ወዲያው ጭር ይላል። ይህን ሁሉ ከደብተሩ እያነበበ ነው የነገረኝ።

እኔ ግን የማየው ነገር የለም። ፀሐይ ወጣች፤ ሰማዩ ባዶ ነው። መነጽሩን ሰጠኝና ወደ አንድ ገደል ጠቆመኝ። እዚያ ድንጋዩ ላይ ንስሮች ተቀምጠዋል፤ ማታ ደርሰው ያደሩ ናቸው። አይንቀሳቀሱም። አንዱ ክንፉን ይፈትሻል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያያል።

«ለምን አይነሡም?» አልኩ።

«ምድሩ ገና አልሞቀም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ንስርና እንደ ሽመላ ያለ ትልቅ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ አገር መሄድ አይችልም። ከባድ ነው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ስለዚህ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቅ ይጠብቃል። የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል። ወፉ ክንፉን ዘርግቶ በዚያ ላይ ይቀመጥበታል፤ እየተሽከረከረ ከፍ ከፍ ይላል፤ ላይ ሲደርስ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ሌላ የሚወጣ አየር እስኪያገኝ። እንዲህ እያደረገ ነው በረሃውን የሚሻገረው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይገኝም፤ ስለዚህ ሽመላውም ንስሩም ሰፊ ባሕር አቋርጦ አይሄድም፤ የብስ የብሱን ይከተላል። ለዚህ ነው ከአፍሪካ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ከሚመለሰው ብዙው በዚህ ጠባብ መሬት ላይ የሚታጨቀው። በምሥራቅ አውሮፓ የሚፈለፈለው ሽመላ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ እስከ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርስ፣ በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋል።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንዱ ንስር ተነሣ። አላርገበገበም ማለት ይቻላል። ክንፉን ዘርግቶ ከገደሉ ወረደ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ ከዚያ ከላያችን ነው። ሁለተኛው ተከተለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ ሁሉ የተቀመጠ ንስር አየር ላይ ነበር። ኢሳይያስ 40፥31ን ታውቁታላችሁ፤ ሠርግ ላይም ልቅሶ ላይም ይጠቀሳል። እግዚአብሔርን የሚጠብቁ እንደ ንስር እንደሚወጡ ይናገራል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ክፍል ስሰብክ እጄን እያርገበገብኩ ነበር የምሰብከው! ጉባኤውም አብሮኝ ያርገበግብ ነበር። ንስር ግን የሚወጣው በማርገብገብ አይደለም። በመጠበቅ ነው። ጉልበቱ የራሱ አይደለም፤ ከበታቹ የሚያነሣው ነው።

እስቲ እዚህ ላይ አሜን በሉ።

ግን አንድ ነገር ሳልፈው ቀርቶ ነበር። ያን ቀን አይቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩትም። አየሩ ከሞቀ በኋላ እዚያ ድንጋይ ላይ የቀረ ንስር አልነበረም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከተራራው ወርደን ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለ አንድ ቦታ ወሰደኝ። ዛፍና ቁጥቋጦ፣ በመሃሉ ኩሬ። «ይህ ቦታ ምን ነበር ብለው ይገምታሉ?» አለኝ። የቆሻሻ መጣያ ነበር። የከተማው ቆሻሻ ይደፋበት ነበር። ከጥንት ጀምሮ በዚያ ዳርቻ ጨዋማ ረግረግ ነበረ፤ ከአፍሪካ በረሃ የሚሻገሩ ትንንሽ ወፎች የሚያርፉበትና የሚበሉበት ገበታ እሱ ነበር። ሆቴሉ ሲሠራ፣ እርሻው ሲስፋፋ፣ የጨው ኩሬው ሲቆፈር አብዛኛው ጠፋ። ወፎቹ ግን አልተነገራቸውም። በቀጠሯቸው ይመጣሉ፤ ገበታው የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰዎች ያን ቆሻሻ በአፈር ሸፍነው፣ ጨው የሚችሉ ተክሎችን ተክለው ገበታውን እንደገና ዘረጉት። ወንድሞቼ፣ ቆሻሻ መጣያ ከሆነ ሕይወት ላይ እግዚአብሔር ምን እንደሚተክል እኔ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገኝም፤ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ምስክር ናችሁ።

እዚያ ወፎቹን በስስ መረብ ይይዙና እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ቀለበት አስረው ይለቋቸዋል፤ ሌላ አገር የያዛት ሰው ከየት እንደ መጣች እንዲያውቅ። አንዷን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አሥር ግራም አትሞላም። የልቧ ምት ጣቴ ላይ ይሰማኛል። የሚሠራው ሰው የሆዷን ላባ በአፉ እፍ ብሎ ገለጠና አሳየኝ። ከጉዞ በፊት እነዚህ ወፎች ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ ክብደታቸው እጥፍ ሊሆን እስኪቀርብ ድረስ፤ ከቆዳቸው በታች ቢጫ ስብ ይሞላል። ከዚያ ሰሐራን ያቋርጣሉ፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ ነው፤ ብዙዎቹም በሌሊት፣ ከዋክብትን እያዩ። እጄ ላይ ያለችው ስቧ አልቋል። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ወጥቷል። ስቡ ካለቀ በኋላ የራሷን ጡንቻ እየበላች ነው የመጣችው።

«ታዲያ አሁን ምን ትሆናለች?» አልኩ።

«ጥቂት ቀን እዚህ ትበላለች። ከዚያ ትሄዳለች።»

ኤልያስ ትዝ አለኝ። ኤልዛቤልን ሸሽቶ ወደ ቤርሳቤህ ወርዶ የገባበት ምድረ በዳ ከዚህ በስተሰሜን ያለው በረሃ ነው። ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ስብከት አልሰበከለትም። አስተኛው፣ እንጎቻ አበላው፣ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። 1 ነገሥት 19 ነው። በአገልግሎት የደከማችሁ፣ በስደት አጥንታችሁ የወጣ፣ ልጅ ለማሳደግ ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ጌታ ዛሬ የሚላችሁ «ተነሥታችሁ ብረሩ» ላይሆን ይችላል። «ብሉና ተኙ» ሊሆን ይችላል። ይህን ያልኩት ለደከመ ነው እንጂ ለሰነፍ አይደለም። አንዳንድ ወገን አለ፣ የሰማይ ወፎች አይዘሩም አያጭዱም ተብሏል ብሎ ሥራ የሚፈታ። ያን የሚል ሰው ወፍ አይቶ አያውቅም። ወፍ ከንጋት እስከ ማታ ትሠራለች። የማታደርገው መጨነቅን ነው።

ወፏን ለቀቅኳት። ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

በዚያን ቀን ማታ ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። ማዶ ያለው የኤዶም ተራራ ሲመሽ ደም ይመስላል። ወንድሜ የልቡን የነገረኝ ያኔ ነው። አባቱ በስምጥ ሸለቆ፣ ባቱ አጠገብ ገበሬ ናቸው። በወጣትነቱ የአባቱን በሬ ሳያስፈቅድ ገበያ አውጥቶ ሸጦ፣ በዚያ ገንዘብ በሱዳን በኩል ወጣ። ከዚያ ሲና በረሃን በእግሩ አቋርጦ፣ የድንበሩ አጥር ከመታጠሩ በፊት፣ እስራኤል ገባ። ያቺ እጄ ላይ የነበረችው ወፍ በመጣችበት መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቡ አልደወለም። በመጀመሪያ ገንዘብ የለኝም ብሎ፤ በኋላ አፍሮ። ዓመት ዓመትን ወለደ። በሬው ደግሞ ለጥማድ የነበረው አንዱ ነበር። ገበሬ የሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ፓስተር፣ ሲመለሱ አባባን ሄደው ያዩልኛል? ይቅርታ እንደጠየቅኩ ይንገሩልኝ። በስልክ አልችልም፤ ሰው ፊታቸው ቆሞ ቢነግርልኝ ነው የሚሻለው። የበሬውን ዋጋም እልካለሁ» አለኝ።

«በጌታ ስም እሄዳለሁ» አልኩ። ጸለይንበት። እጁን ጨብጬ ቃል ገባሁ።

ከአዲስ አበባ ባቱ ስንት ነው? ጧት ተነሥቶ ማታ የሚመለሱበት መንገድ ነው።

ተመለስኩ። ፋሲካ ደረሰ። ከዚያ የምረቃ ፕሮግራም፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ኮንፈረንስ። በሰኔ ልሄድ ስል ዝናቡ ጀመረ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ መኪና አይገባም አሉኝ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «የጌታን ጊዜ እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አያጥረኝም።

ወንድሜ በዚህ መሃል የድምፅ መልእክት ይልክልኛል። አይወቅሰኝም፤ ስለ ወፍ ነው የሚያወራው። በሐምሌ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ሆኗል፣ ሰማዩ ባዶ ነው አለኝ። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጭ እምብዛም የማይታይ አንድ የባሕር ወፍ አለ፣ ዐይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለው፤ እሱ ብቻ ከኔ ጋር ቀርቷል አለ። እየሳቀ ነው፤ ግን ሳቁ አላማረኝም።

በነሐሴ መጨረሻ ሌላ መልእክት መጣ። ሽመላው ከአውሮፓ መመለስ ጀምሯል አለ። በመልስ ጉዞ አብዛኛው ከኤላት ራቅ ብሎ በሰሜን በኩል በዮርዳኖስ ሸለቆ ነው የሚያልፈው፤ ሆኖም ለጉባኤ ወደዚያ ወጥቶ መንጋውን አይቶታል። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ «ፓስተር፣ ዘንድሮ እነሱ ከእርስዎ ቀድመው አባባ ጋ ሊደርሱ ነው መሰለኝ።»

ቀልድ ነው። ግን መኪና ውስጥ ሆኜ ነበር የሰማሁት፤ ጥግ ይዤ አቆምኩ። ኤርምያስ 8፥7 ፊቴ ላይ መጣ። ኢዮብ 39፥26ም አብሮ መጣ፤ እግዚአብሔር ጭልፊት ክንፉን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው በአንተ ጥበብ ነወይ ብሎ ኢዮብን የጠየቀው። በእኔ ጥበብ አይደለም። በእኔ ጥበብማ ቢሆን ኮንፈረንሱ እስኪያልቅ እዚያው አውሮፓ ይቆይ ነበር።

እንዲህ ተወቅሼም ደግሞ አልሄድኩም። የአዲስ ዓመት ፕሮግራም ነበረን። ይህን ነው መናገር ያልፈለግኩት።

ንስሩ ደግሞ በመጸው በሌላ መንገድ ነው የሚመለሰው። ከእስያ የሚመጣው ብዙው በዐረብ ምድር ወርዶ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ የመንና ጅቡቲ ሊነካኩ በሚቀርቡበት ጠባብ ባሕር፣ ተሻግሮ ወደ እኛ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በጥቅምትና በኅዳር ሰሞን በዚያ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ አእዋፍ ሁለት መቶ ሺህን አልፈዋል። በጸደይ ደግሞ በኤላትና በሱዌዝ በኩል ይመለሳል። እንደ ሰብአ ሰገል በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ በደብተሩ ጥቅምት ላይ ጥቂት ብቻ ነው የጻፈው፤ ምክንያቱም እንግዶቹ በእኛ በኩል ናቸው። አፋርን አልፈው፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዘው፣ የአባቱ ማሳ ላይ።

በኅዳር ሄድኩ። ጤፍ እየታጨደ ነበር። ከዋናው መንገድ ወጥቼ በእግሬ ስሄድ የታጨደው ማሳ ላይ ሽመላዎች ቆመዋል፤ ነጭ፣ ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር፣ እግራቸው ቀይ። ፌንጣ እየለቀሙ በቀስታ ይራመዳሉ። ልጆች ከብት እየጠበቁ ነው፤ አንዱን «እነዚህ መቼ ነው የመጡት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቆዩ እኮ» አለኝ።

ቤቱን አሳዩኝ። እናትየው በር ላይ ስንዴ እያበጠሩ ነበር። ጥቁር ለብሰዋል። ያኔ ገባኝ።

ነሐሴ ላይ ነው ያረፉት።

ልጅዎ ልኮኝ ነው የመጣሁት ስላቸው ወንፊቱ ከእጃቸው ወደቀ። በሕይወት መኖሩን አያውቁም ነበር። ሲና ላይ ብዙ ልጅ እንደ ቀረ ሰምተዋል፤ እዝን ይቀመጡ አይቀመጡ ሳያውቁ ዓመታት አለፉ። መልእክቱን ቆሜ ተናገርኩ፣ ለአባትየው ልናገረው የነበረውን፤ ይቅርታውን፣ የበሬውን ዋጋ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻ «የምን በሬ ነው ልጄ፤ አባቱ መናኸሪያ እየሄደ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ሲጠይቅ ነው የኖረው» አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደ ተላክሁ አልጠየቁኝም። እኔ ነገርኳቸው። ከመጋቢት ጀምሮ አልኩ። በሰኔ ብመጣ ኖሮ፣ በሐምሌ በጭቃ በእግሬ ብመጣ ኖሮ እኚህ ሽማግሌ የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ያርፉ ነበር። እናትየው ለረጅም ጊዜ መሬቱን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ቡና ሊያፈሉልኝ ገቡ። ያን ቡና እንዴት እንደ ጠጣሁት እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚያው ደወልኩለት። ስልኩን ለእሳቸው ሰጠሁ፤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ስሙን ነው የሚጠሩት፣ ደጋግመው ስሙን ብቻ። ማታ እኔን ሲያናግረኝ ይቅርታ ጠየቅኩት። እርሱም ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ፓስተር፣ እኔ ስንት ዓመት አልደወልኩም፤ እርስዎን በስምንት ወር ልከስስዎት አልችልም» አለኝ።

ወገኖቼ፣ በመጠበቅና በመዘግየት መካከል ያለውን ልዩነት ያን ንስር እያየሁ መማር ነበረብኝ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መቀመጥ ናቸው። ምድሩ ሳይሞቅ የተቀመጠው ንስር እየጠበቀ ነው። አየሩ መውጣት ከጀመረ በኋላ የሚቀመጥ ቢኖር ኖሮ ግን ያ መጠበቅ አይደለም፤ በረሃው ላይ መቅረት ነው። እኔ እግዚአብሔርን እየጠበቅኩ አልነበረም። እርሱ ነበር እኔን የሚጠብቀኝ። መንገዱ ክፍት ነበር፣ መኪናው ነበር፣ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ነበር።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ወፎች በጸደይ ወደ መፈልፈያቸው ሲመለሱ፣ በመጸው ከሚወርዱበት ይልቅ ይቸኩላሉ። ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ቦታ ያገኛልና ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ አያርፉም። ኤርምያስ በዚያ ምዕራፍ ከቁጥር 4 ጀምሮ «ሹብ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ደጋግሞ ይጠቀማል፤ ዞረ፣ ተመለሰ ማለት ነው። ወደ እግዚአብሔር መመለስም፣ ከእርሱ ዘወር ማለትም በዚያው አንድ ቃል ነው የሚነገረው። አንተ የትኛውን አቅጣጫ እንደያዝክ አንተ ታውቃለህ። ወደ ጌታ ለመመለስ «ሥራዬ ይስተካከል፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ከዚህ ልማድ ትንሽ ልላቀቅ» እያልሽ የምትቆጥሪ እህቴ፣ ምድሩ ሞቋል። ከወንድምህ ጋር በውርስ ተኳርፈህ ሽማግሌ እስኪመጣ የምትጠብቅ ወንድሜ፣ ምድሩ ሞቋል። በዐረብ አገር፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ሆናችሁ ባዶ እጄን እንዴት እደውላለሁ ብላችሁ ድምፃችሁን ያጠፋችሁ፣ እናታችሁ የምትጠብቀው ገንዘቡን አይደለም።

ወንድሜ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቱ ይደውላል። የበሬው ዋጋ በልደት ሰሞን ደረሰ፤ እናትየው ጥጃ ገዙበት። ባለፈው የካቲት ደግሞ መልእክት ላከልኝ፤ የመጀመሪያው ንስር ዛሬ ከተራራው ላይ ተነሣ አለኝ። ለእማዬም ነግሬያቸዋለሁ፣ «ከእኛ ዘንድ ከሄደ ሳምንት ይሆነዋል» አሉኝ አለ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስለዘገየሁበት ይቅር በለኝ። ይህን የሚያነብ ሰው አሁን ልቡ ውስጥ የመጣለት ስም አለ፤ አንተ ነህ ያመጣህለት። ስልኩን አንሥቶ እስኪደውል፣ ተነሥቶም እስኪሄድ ድረስ ዕረፍት አትስጠው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።